አንድ እግር ካልሲ

ሰኔ 4፣ ሰኞ

ካልሲው አፉን ሲከፍት የሌላ ሰው ድምፅ ወጣ።

ከማታው ዜና በፊት ነው። እማዬ ሶፋው ላይ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ተቀምጣለች፤ እኔ ከእግሯ ስር ሽንኩርት እልጣለሁ። የሳሙናው ማስታወቂያ ጀመረ። የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ነፋስ፣ ከሸሚዝና ከፎጣ መሀል በመቆንጠጫ የተንጠለጠለ አንድ እግር ቢጫ ካልሲ። በሸሚዝ ቁልፍ ከተሠሩት ዓይኖቹ አንደኛው በክር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። እጄን ከነቢላው አቆምኩ። ሦስት ዓመት የዚያ ካልሲ እጁም ድምፁም እኔ ነኝ፤ ራሴን በቴሌቪዥን መስማት ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ጉሮሮውን እስኪጠርግ ጠበቅሁ። አልጠረገም። ዜና አንባቢ በሚመስል፣ በጠራና በሚጣፍጥ ድምፅ ቀጥ ብሎ፦

«ይቅርታ፣ እኔን የሚመስል አላያችሁም?»

ፎጣው «አላየንም» አለ። ሸሚዙም «አላየንም» አለ። ከዚያ የሳሙናው ካርቶን መጣና አለቀ።

የእማዬ ዓይን ከደከመ ቆይቷል፤ ቴሌቪዥን የምታየው በጆሮዋ ነው። ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

«ምነው ዛሬ ጉሮሮውን ሳይጠርግ?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር እማ። ለአንድ ቀን ሌላ ሰው ተካችልኝ።»

«መቼ ነው ጉንፋን የያዘሽ?»

«አንቺ ሳታዪ።»

«እኔ ሳልሰማ አስነጥሰሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ደግነቱ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

ከስቱዲዮ ቀረጻው ተላልፏል ነበር ያሉኝ። ዝናቡ እስኪያባራ። እኔ ሞኟ ዝናቡን ስረግም ከረምኩ።

ሰኔ 5፣ ማክሰኞ

ዳይሬክተሩ ስልክ አያነሳም። ሁላችንም «ባርኔጣ» ነው የምንለው፤ ሲተኛም የሚያወልቀው አይመስለንም። ጠዋት ደወልኩ፣ አላነሳም። ከሰዓት ደወልኩ፣ ዘጋብኝ።

ባለሱቁ፦ «ጋሽ ካልሲ ምን ነካው? ድምፁ ተሞሸረ እኮ!» ሳቅሁለት። ለምን እንደምስቅ አላውቅም። ቂል።

ሰኔ 7፣ ሐሙስ

ስቱዲዮ ሄድኩ። ዘበኛው ገና ሲያየኝ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። «እህቴ፣ ዛሬ ስምሽ የለም» አለ። «ስሜ መቼ ኖሮ ያውቃል?» ብዬው ገባሁ።

አሻንጉሊቶቹን የምትሰፋው ሴትዮ እንደ ወትሮው ጥጓ ላይ ነበረች። እትዬ መርፌ እንላታለን፤ ምላሷ ከመርፌዋ ይብሳል። ጭኗ ላይ ሁለተኛ ቢጫ ካልሲ ተጋድሟል። አዲስ፣ ንጹሕ፣ ሁለት ዓይን ያለው።

«እኔ ላይ አታፍጪ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ስፊ አሉኝ፣ ሰፋሁ። መንታ ውለጂ ቢሉኝም እወልድ ነበር፣ ክረምቱን ልወጣው እንጂ።»

ባርኔጣ ከመስታወቱ ክፍል ወጣ። ፈገግ ብሏል፤ ፈገግ ሲል ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ እስኪ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«አታካብጂው። ለውጥ ነው። ሳሙናው ለውጥ ፈለገ።»

«ሳሙናው አፍ አውጥቶ ነገረህ?»

«አየሽ? ይሄ ምላስሽ ነው። ባለፈው ስብሰባ ላይ የኩባንያው የማስታወቂያ ኃላፊ ካልሲው ጥንዱን ያግኝ ስትል ምን አልሻት? ያገኘ ዕለት ይሞታል አልሻት። ደንበኛ ፊት ሞት ይጠራል?»

«እና ለዚህ ነው?»

«ለዚህ አይደለም። ጥንዱን ሊያገኝ ነው፤ በሐምሌ መጨረሻ። ዘፈን አለው፣ የሳሙና አረፋ አለው፣ ትልቅ ነገር ነው። ዘፈን የሚችል ድምፅ ያስፈልጋል። ያንቺ ደግሞ… ታውቂዋለሽ፣ እንደ አሮጌ በር ነው ሲጥ ሲጥ የሚለው።» ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ።»

ቤተሰብ! ቤተሰብ ያልተቀጠረ ሰው ማለት ነው በእነሱ ቋንቋ።

ብዙ የምመልሰው ነበረኝ። ሁሉም የመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ነው። ሁልጊዜም እንዲህ ነኝ፤ ሌባው ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ።

ሰኔ 10፣ እሑድ

ዝናብ። እማዬ ተኝታለች። ለመጻፍ ጊዜ አለኝ።

ልጅ ሳለን ቴሌቪዥን ላይ እንቅልፍ እምቢ ያለው ትራስ ነበር። የፍራሽ ማስታወቂያ ነው። ሰው ሁሉ ጥልቅ እንቅልፍ ወስዶት ትራሱ ብቻ ዓይኑ አይከደንም፤ በየአልጋው እየዞረ «ተኛችሁ እንዴ? እስኪ ትንሽ እንጫወት» ይላል። ወንድም ጋሼ ትራሱን ይሆን ነበር፣ እኔ ደግሞ የተኛውን ሰው። ራሱ ላይ ትራስ አድርጎ በጨለማ ሲመጣ ሳቄን ማፈን አለብኝ፤ ከሳቅሁ ተሸነፍኩ። አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም።

በእኛ ዕድሜ ያን ትራስ የማያስታውስ ሰው አላጋጠመኝም። ዛሬም ሥራ የበዛበት ሰው «እንደ ትራሱ ሆኛለሁ» ይላል። የትኛው ፍራሽ እንደነበር ግን የሚያውቅ የለም። ስንቱን ጠየቅኩ። ፍራሹ ተረሳ፣ ትራሱ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ስንት የሚያምር ቤተሰብ ጥርሱን እያሳየን በዚያ መስታወት አለፈ! አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች፣ ነጭ መጋረጃ። አንዳቸውም ትዝ አይሉኝም። የሚቀረው ጎዶሎው ነው። እንቅልፍ የሌለው ትራስ፣ የጥርስ ሳሙና የሚሸጠው ጥርስ አልባው አዞ፣ ከፍታ የሚፈራው የቀለም ቀቢዎች መሰላል። የሞላለትን ሰው እናደንቀዋለን፤ ይዘነው ወደ ቤት የምንገባው ግን የጎደለበትን ነው። የሞላለት እንግዳ ነው፣ የጎደለበት ዘመድ።

ኃላፊዋ ጥናት አስጠንታለች። ተመልካቹ «ካልሲው ጥንዱን ቢያገኝ ደስ ይለኛል» አለ ብላ በሰሌዳ ላይ አሳየችን። እውነቷን ነው፣ ደስ ይላቸዋል። ደስ የሚላቸው ግን አብረውት መጠበቁ ነው። ይህንን ነው በሥርዓት ላስረዳት የነበረው። በሥርዓት ማስረዳት ትቼ ሞትን ጠራሁ።

ወንድም ጋሼ ቢኖር «አንቺ ለካስ ፈላስፋ ነሽ» ብሎ በትራስ ይመታኝ ነበር።

ቢኖር አልኩ። ቢኖር ሳይሆን እዚህ ቢሆን።

ሰኔ 14፣ ሐሙስ

አጎቴ መጣ። የሟቹ አባቴ ታናሽ ነው፤ ከእሱ በኋላ የቤታችን ራስ እኔ ነኝ ብሎ ራሱን ሾሟል። ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት ካለ በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«እህት ዓለም፣ ልጅሽ ከጠፋ ይሄ አራተኛ ክረምቱ ነው። ቁርጡን ማወቅ ደግ ነው። እርማችንን አውጥተን እንገላገል።»

እማዬ ብርድ ልብሷን ወደ ትከሻዋ ሳበች።

«ቁርጡን ማን ነገረዎት ጋሼ?» አልኩት።

«ሰው ዝም ሲል ተናገረ ማለት ነው።»

«እርስዎ እዳ ሲጠየቁ ዝም ይሉ የለ? ሞተዋል ማለት ነው?»

«አፍሽን ያዢ! ያስተማርንሽ ለዚህ ነው?»

በኋላ ዞሮ ዞሮ ነገሩ ወጣ። የእሱ ልጅ ከተማ መጥቶ ሊማር ነው። የወንድም ጋሼ ክፍል ባዶውን ተቀምጧል። «ክፍል እኮ ሰው ሲያጣ ይሻግታል» አለ፣ እንደ ሐኪም። እማዬ እጇን ጭኗ ላይ እያሻሸች «እስኪ ክረምቱ ይውጣ» አለች። እምቢ አላለችም። በሩ ላይ ቆሜ ጫማውን ሲያስር ሳየው፣ እማዬ እምቢ አለማለቷ ከእሱ ንግግር በላይ አንገበገበኝ።

ሰኔ 19፣ ማክሰኞ

ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦

«ካልሲው ጥንዱን ሊያገኝ ነው አሉ።»

«እሰይ! ገላገሉኝ። ልጄ በየቀኑ 'መቼ ነው የሚያገኘው' እያለ ደረቀብኝ።»

«ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ሊል ነው?»

ሳንቲማቸውን ለረዳቱ ሰጡ። ከዚያ አንደኛዋ፦ «እኔ እንጃ። እንደ ሁላችን ይታጠባላ።»

መውረጃዬን አልፌ ወረድኩ።

ሰኔ 23፣ ቅዳሜ

ባርኔጣ ቴሌቪዥን ላይ ቀረበ። ከነባርኔጣው። ጠያቂዋ «እኔን የሚመስል አላያችሁም የሚለው ንግግር እንዴት መጣልህ?» አለችው። እግሩን አጣጠፈ።

«አንድ ቀን ልብሴን ሳጥብ አንዱ ካልሲ ጠፋኝ። ፈገግ አልኩ። ከውስጤ መጣ።»

ልብሱን ሲያጥብ! ያ ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ አጥቦ አያውቅም።

ልጮህ አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ። በቀስታ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ፦

«ይሄ ሰውዬ ያኔ ከእኛ ጋር ነበር እንዴ?»

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ታውቃለች ማለት ነው። እስከ ዛሬ አታውቅም ብዬ ነበር የምኖረው።

ሰኔ 24፣ እሑድ

እንግዲያው ልጻፈው።

ወንድም ጋሼ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ለሥራ ብሎ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ አሠሪዎቹ አልደረሰም አሉ። አውቶቡሱ ደርሷል፣ እሱ አልደረሰም። ፖሊስ ፎቶ አምጡ አለን። ፎቶ አይወድም ነበር፤ ካሜራ ባየ ቁጥር የሆነ ሰው ጀርባ ይገባል። በልጅነቱ የተነሳው ነው ያለው፣ ያውም ጉንጩን ነፍቶ። እሱና እኔ ግን እንደ ውኃ ጠብታ እንመሳሰላለን፤ ግንባራችን፣ የተጋጠመው ቅንድባችን፣ ወጣ ያለው ጆሮአችን። ስለዚህ ፎቶው እኔ ሆንኩ። እማዬን ክንዷን ይዤ በየሆስፒታሉ፣ በየአውቶቡስ መናኸሪያው፣ በየፖሊስ ጣቢያው እየገባሁ ፊቴን ወደ መብራት አዞርና እጠይቃለሁ፦ «ይቅርታ፣ እኔን የሚመስል ሰው አላያችሁም?»

አንዲት ነርስ፣ በጣም የደከማት፣ ቀና ብላ አየችኝና «መስታወት አይተሻል?» አለችኝ። ከዚያ የተናገረችው ገባትና አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ሳቅሁ። ከጠፋ በኋላ የመጀመሪያው ሳቄ ነው። እማዬም ሳቀች። ሦስታችንም በዚያ ረጅም ኮሪደር ላይ እስክናለቅስ ሳቅን።

በዓመቱ ባርኔጣ ዘንድ ዕቃ አቀባይ ሆኜ ገባሁ፤ በዩኒቨርሲቲ ቴአትር የተማረ ሰው ሽልማቱ ይህ ነው። አንድ ከሰዓት ሐሳብ ጠፍቶ ሁሉም ተኮራርፎ ተቀምጧል። እጄን አንድ እግር ካልሲ ውስጥ ከተትኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ወንድም ጋሼ እንዲያ ነበር፤ የትም ሲገባ፣ የራሱ ቤትም ቢሆን፣ እንደ ሽማግሌ «እህ… እህም» ሳይል በር አያልፍም። ቀጥዬ ያንን ጥያቄ ጠየቅሁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባርኔጣ «ድገሚው!» አለ። እስኪነጋ አስደገመኝ ማለት ይቻላል፤ ሦስት ዓመት ደገምኩት።

ከውስጤ መጣ ይለኛል።

ሐምሌ 3፣ ማክሰኞ

በር ተንኳኳ። ቀጭን ልጅ፣ ውኃ ከፀጉሯ ይንጠባጠባል።

«እኔ… ጋሽ ካልሲ ነኝ» አለች።

«ጋሽ ካልሲ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት።» ድምፁ ያው ነው፣ ያ ንጹሑ። «ሰዉ እየሰደበኝ ነው። 'ጉሮሮው የታል' ይሉኛል። ሞከርኩት፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። ያንቺ ግን ሌላ ነው… ልናገር ወይስ ይቅርብኝ የሚል። እንዴት ነው የምታደርጊው? አንድ ጊዜ ብቻ አሳዪኝ።»

ከውስጥ እማዬ፦ «ማን ነው? ልጄ ግቢ፣ ዝናብ ላይ አትቁሚ! ጉሮሮውን ከሆነማ እሱ የልጄ…»

«እማ!» አልኩ። ጩኸቴ ራሴንም አስደነገጠኝ። ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «ዘዴ የለውም። አቧራ ነበር ስቱዲዮው ውስጥ።»

«እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ» አለች፣ ሳትሄድ፣ «ጋሽ ካልሲ ሲመጣ ብቻ ነበር የምትስቀው። ልነጥቅሽ ብዬ አይደለም።»

በሩን ዘጋሁት።

ሐምሌ 4፣ ረቡዕ

ዣንጥላ አልነበራትም። የእኔ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። እጄን መዘርጋት ብቻ ነበር።

እማዬ ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም። «ጨው» ትለኛለች፣ «ውኃ» ትለኛለች። በቃ።

ሐምሌ 11፣ ረቡዕ

ከሥራ ፍለጋ ስመለስ የወንድም ጋሼ ክፍል ውስጥ አዲስ ፍራሽ ቆሟል። አጎቴ በሰው ልኮት ነው። «ለጊዜው» ብለዋታል እማዬን።

ብቻዬን ጎትቼ ኮሪደሩ ላይ አጋደምኩት። ከባድ ነው። ማታ እማዬ በዳበሳ ስታልፍ እግሯ ነካው። «ምንድን ነው?» አላለችም። ዙሪያውን ዞራ አለፈች።

ሥራ የለም። አንዱ ጋ «ድምፅሽን የት ነው የማውቀው?» አለኝ። አልነገርኩትም። አንዱ ጋ ነገርኩት፤ «ያ እኮ የባርኔጣ ነው» አለኝ።

ሐምሌ 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ ተገኘ።

እንዳላየው ወጥቼ ልዞር አስቤ ነበር። እማዬ «ቁጭ በይ፣ አብረን እንስማው» አለችኝ። ከአሥራ ምናምን ቀን በኋላ የተናገረችኝ ረጅሙ ንግግር ነው፤ ተቀመጥኩ።

ገመዱ መጣ። አረፋ እንደ በረዶ ይዘንባል። ካልሲው ጠየቀ፤ ፎጣውና ሸሚዙ ፈገግ ብለው ወደ ጎን ተጠጉ፤ ያ አዲሱ፣ ባለ ሁለት ዓይኑ፣ ከሳሙናው ካርቶን ውስጥ ብቅ አለ። «የት ነበርክ?» «እዚሁ! ሁልጊዜም እዚሁ ነበርኩ!» ተቃቀፉ። ዘፈኑ ጀመረ። የአሮጌውን የተንጠለጠለ ዓይን ሰፍተውለታል። የእትዬ መርፌ ስፌት ነው፣ አውቀዋለሁ፤ አሳምራ ነው የሰፋችው።

«አገኘው?» አለች እማዬ።

«አገኘው።»

«የት ነበር አለ?»

«ሳሙና ካርቶን ውስጥ።»

ሳቀች። ጥርሷ እስኪታይ። «እኛ እኮ እዚያ አላየንም» አለች። እኔም ሳቅሁ። ዘፈኑ አለቀና ዜናው ገባ። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ፦

«እንግዲህ ከነገ ጀምሮ አይጠይቅማ።»

«አይጠይቅም።»

«በየሰው ቤት እየገባ ይጠይቅልን ነበር።»

ከዚህ በላይ ዛሬ አልጽፍም።

ሐምሌ 22፣ እሑድ

አጎቴ ስልክ ደወለ። «አያችሁ? ካልሲው እንኳ ተገላገለ» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ስልኩን ዘጋሁበት።

በመስኮቱ የጎረቤት ልብስ አያለሁ። ተሰጥቶ ይዘንብበታል፤ ይሰበሰባል፤ እንደገና ይሰጣል። ማን ነው በዚህ ክረምት ልብስ ይደርቃል ያላቸው? ግን ያሰጣሉ።

ናፍቆኛል። ከዚህ ሌላ በሥርዓት የማስቀምጠው ዓረፍተ ነገር አጣሁ። ስንት ዓመት የተማርኩት ሁሉ አንዲት ቃል ላይ መጥቶ ቆመ።

ሐምሌ 27፣ አርብ

ሱቅ ውስጥ አንዲት ሴት፦ «ያ ካልሲ እኮ በኖ ጠፋ፣ ልጆቹ ዘፈኑ ሲመጣ ተነስተው ይሄዳሉ።» ባለሱቁ፦ «ሰው ካገባ በኋላ ማን ያየዋል?»

ደስ አለኝ። ከዚያ በደስታዬ አፈርኩ።

ማታ ባርኔጣ ደወለ። ራሱ። «የኔ ጀግና» አለኝ። የእሱ ጀግና የሆንኩት ምን ቢቸግረው ነው!

ነሐሴ 1፣ ማክሰኞ

የሳሙና ኩባንያው ቢሮ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ኃላፊዋ፣ ባርኔጣ፣ እኔ። ኃላፊዋ በእኔ ዕድሜ ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ያ ነው የሚያናድደው።

«አንቺ ልክ ነበርሽ» አለችኝ። «ሰዉ ፍለጋውን ነው የወደደው። ስለዚህ ጥንዱ እንደገና ይጠፋል። አንቺ ትመለሻለሽ፤ ጉሮሮውም፣ ሁሉም።»

ልቤ ዘለለ። አልዋሽም፣ ዘለለ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ክረምቱ ሲወጣ ይገኛል። በየዓመቱ ይጠፋል፣ በየዓመቱ ይገኛል።»

«ሳይገኝ ቢቀርስ?»

«ሰው መጨረሻ ይፈልጋል እኮ።»

«እኔም እፈልጋለሁ» አልኳት። «ስለፈለግሁ ግን አላገኘሁም።»

አልገባትም። ባርኔጣ ጣልቃ ገባ። «አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት። ጋዜጠኞች ይጠራሉ። አጠገቤ ቆመሽ ሐሳቡ የእሱ ነው፣ እኔ ድምፅ ነኝ ትያለሽ። ሰዉ ወሬ አብዝቷል። ለሁላችንም ጥሩ ነው።»

«ካልሲህ የጠፋው የትኛው ነበር?» አልኩት። «የግራው ወይስ የቀኙ?»

«ካልሲ ግራና ቀኝ አለው እንዴ?» አለች ኃላፊዋ።

«እሱን ጠይቂው፤ አጣቢው እሱ ነው።»

ባርኔጣ እጁን ወደ ባርኔጣው ሰደደ። ሊያወልቀው ነው ብዬ ነበር። አስተካከለው። እስከ እሑድ እንዳስብ ጊዜ ሰጡኝ። ይህኛው መልስ እዚያው መጣልኝ፤ ታክሲ አልጠበቀም።

ነሐሴ 3፣ ሐሙስ

ለእማዬ ነገርኳት። እምቢ እንደምል ስነግራት ትኮራብኛለች ብዬ ነበር።

«ሂጂ» አለችኝ።

«እማ!»

«ሂጂ። ስሙን ይውሰደው። ስም ምን ያደርጋል? ጥያቄው ይቆይልን።»

«እነሱ ሲጠይቁ መልሱን አስቀድመው ጽፈውት ነው።»

«ይጻፉት። የሚሰማ ሰው አይጠፋም። አንድ ሰው 'አዎ አይቻለሁ' ቢልስ? እሱ ራሱ የሆነ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ጉሮሮውን ቢሰማስ?»

ይህንን ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። እኔም ተናግሬው አላውቅም። ማይክሮፎኑ ፊት በቆምኩ ቁጥር ግን ለካሜራው ሳይሆን ለአንድ ሰው እንደምናገር እጄ ውስጥ ያለው ካልሲ እንኳ ያውቅ ነበር።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ እማዬ፣ እንደ ሌላ ወሬ፦

«እኛ ራሳችን ወጥተን ከጠየቅን ግን ስንት ጊዜ ሆነን?»

ሁለታችንም እጃችንን እናይ ነበር፤ እሷ በማያይ ዓይኗ፣ እኔ በሚያየው።

ነሐሴ 6፣ እሑድ

ጠዋት ለባርኔጣ ደውዬ አልመጣም አልኩት። «ታብጃለሽ እንዴ?» አለ። «ያለ እኛ ያንን ድምፅ የት ትጮሂዋለሽ?» ስልኩን ቀድሜ ዘጋሁ። ያ ጨዋነት ከእሱ የተማርኩት ነው።

ከሰዓት አጎቴ ከነልጁ፣ ከነሻንጣው መጣ። በሩ ላይ ቆምኩ። «ጋሼ፣ ልጅዎ ሳሎን ሶፋው ላይ ይተኛ፣ እንኳን ደህና መጣ። ያ ክፍል ግን ባለቤት አለው።» «ሙት ክፍል ይይዛል?» አለ። ምላሴ ከመዘርጋቱ በፊት እማዬ ከጀርባዬ መጣች። ግድግዳውን እየዳበሰች፣ ቀጥ ብላ። «ፍራሹን ይዘህ ሂድ» አለችው። «ልጁን ተውልኝ፣ ምሳውን ይብላ።» አጎቴ ፍራሹን ከኮሪደሩ መጎተት ጀመረ። እኔ በሩን ያዝኩለት።

አሁን መሽቷል። እማዬ የመንገድ ጫማዋን በሩ አጠገብ አስጠግታ ተኝታለች። ነገ በማለዳው አውቶቡስ ወንድም ጋሼ ወደ ሄደበት ከተማ እንሄዳለን። ያኔ ያላዳረስናቸው መናኸሪያዎች አሉ፤ አዲስ የተከፈተ ሆስፒታል አለ ይባላል። እናገኘዋለን ብዬ አልጽፍም። አናገኘውም ብዬም አልጽፍም።

ወንድሜ ሞተ የሚል ሰው የት እንደተቀበረ ያሳየኝ። ተገኘ የሚልም አምጥቶ ደጄ ላይ ያቁምልኝ። ከዚህ በመለስ ያለውን፣ ከዘመድም ይምጣ ከቴሌቪዥን፣ በዘፈንም ይሁን በምክር፣ ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም። ለሰው እንዲመች ብዬ አላለቅስም፤ ለሰው እንዲመች ብዬም ደስ አይለኝም። በእኔ ፋንታ ማንም እንዲጠይቅልኝ ደግሞ፣ እኔ ራሴ የሠራሁት ቢሆንም እንኳ፣ ከእንግዲህ አልፈቅድም።